ውሃ ውስጥ ስትራመድ

ስልኩ የደወለው ኤርፖርት አካባቢ ሾፌሮች በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ የመኪናዬን ወንበር ለጠጥ አድርጌ ተራዬን ስጠብቅ ነው። ቁጥሩን ስለማላውቀው አላነሳሁትም። ወዲያው ደግሞ ሲደወል አነሳሁት። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ የባለቤቴን ስም እየተደናቀፈች ጠርታ፣ «ባሏ ነህ?» አለችኝ።

ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ዓመት አልፎ ነበር። እሷ ቫን ናይስ፣ ልጃችንን ባሳደግንበት አፓርትመንት ቀርታ፣ እኔ በዚያው ከተማ ሌላ ሰፈር፣ ኖርዝ ሆሊውድ፣ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ፍቺ ግን አልፈጸምንም። እሷም አልጀመረችው፣ እኔም አላነሳሁት።

«አዎ፣ ባሏ ነኝ» አልኩ።

የወደቀችው የሐበሻ ሱቆች በሚበዙበት ፌርፋክስ፣ በምትሠራበት ባልትና ቤት ነው። የሱቁ ባለቤት በኋላ እንደነገረኝ፣ ለደንበኛ በርበሬ እየመዘነች ሳለ ማንኪያው ከቀኝ እጇ አመለጣት። ላንሳው ብላ ጎንበስ ስትል እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ምን ሆንሽ?» ሲሏት የመለሰችው አማርኛም እንግሊዝኛም አልነበረም። ስትሮክ ነው የመታት።

ሆስፒታል ደርሼ አልጋዋ አጠገብ ስቆም ዓይኗ ዐወቀኝ። አፏ ወደ ግራ ተጎትቷል። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል አንሶላው ላይ ተቀምጠዋል። አይታኝ አለቀሰች። እኔን በማየቷ ደስ ብሏት ይሁን፣ በዚህ ሁኔታ እኔ ስላየኋት ከፍቷት፣ ማወቅ አልቻልኩም። ብጠይቃትም መልስ የምትሰጥበት ቃል አልነበራትም።

ለምን ተለያያችሁ ለሚለኝ ሰው ዛሬም አጭር መልስ የለኝም። የተጣላንበት ቀን የለም። ልጃችን ዴንቨር ሥራ ይዛ ከሄደች በኋላ ቤቱ ዝም አለ። እኔ ማታ ማታ እነዳለሁ፣ እሷ ቀን ትሠራለች፤ እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ «ከሰው ጋር ሆኜ ብቻዬን ከምሆን፣ ጭራሽ ብቻዬን ብሆን ይሻለኛል» አለችኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እኔም አልተከራከርኳትም። የተናገረችው እኔም ስንት ጊዜ ያሰብኩትን ነበር። ልብሴን በሻንጣ አድርጌ ወጣሁ።

ልጃችን በማግስቱ በአውሮፕላን መጣች። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆመን፣ እንባዋን እየጠረገች፣ «ሶ አባዬ፣ ከዚህ ስትወጣ ማን ኬር ያደርጋታል? እኔ ሥራዬን አሁን መልቀቅ አልችልም» አለችኝ።

«እኔ አለሁ» አልኳት።

«እርግጠኛ ነህ? ማለቴ... እናንተ እኮ...»

«እኔ አለሁ አልኩሽ እኮ።»

አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ሁሉ ነገር በዚያው ተወሰነ። ባለቤቴን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ኖርዝ ሆሊውድ ያለውን ክፍል ለቅቄ ቫን ናይስ ተመለስኩ። መኝታ ቤቱን ለእሷ ትቼ ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ጀመርኩ። ቤቱ እንዳለ ነው፤ መጋረጃው ብቻ ተለውጧል። በፊት የማልወደው ጥቁር ቡኒ መጋረጃ ነበር። እኔ ከወጣሁ በኋላ ቀለል ያለ ቢጫ ሰቅላለች። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በዚያ መጋረጃ ስትገባ ሳሎኑ ደስ የሚል ነበር። እኔ በሌለሁበት ቤቱን አሳምራ ትኖር እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት የፊዚዮቴራፒው ነገር አልሆነም። በሁለት ብረቶች መካከል አቁመው «ተራመጂ» ይሏታል። ግራ እጇ ብረቱን ጨምድዶ ይይዛል፣ ፊቷ ይገረጣል፣ እግሯ እንጨት ይሆናል። አንድ ቀን ጉልበቷ ከድቷት ተንሸራተተች። ሠራተኛው ወገቧ ላይ ባሰሩላት ቀበቶ ያዛትና ሳትወድቅ ቀረች፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ግን ብረቶቹን ገና ከበሩ ስታይ ማልቀስ ትጀምራለች። ሐኪሟ ይኼን ሰምቶ፣ «ውሃ ውስጥ እንሞክራት፤ ውሃ ሰውነት ይሸከማል፣ ብትወድቅም አያማትም» አለ። በርባንክ ለዚሁ ሥራ ለብ ያለ ውሃ ያለው ገንዳ ወዳለበት ቦታ ላከን።

ወሬው ፌርፋክስ ደረሰ። ከባልትና ቤቱ ደንበኞች አንዲት እትዬ ሊጠይቋት ቤት መጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እሷን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ውሃ ነው አሉ የታዘዘላት?»

«አዎ፣ እትዬ። ውሃ ውስጥ እግሯን ያሠሯታል።»

«ውሃ ከሆነማ ጠበሉስ ምን አለበት?»

«ይኼ እኮ የሐኪም ነው፣ እትዬ። እንቅስቃሴ ነው።»

«እኔ መች ሐኪም ይቅር አልኩ? ሁለቱ አይጣሉም።» ከቦርሳቸው ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥተው ሰጡኝ። «ከመግባቷ በፊት ፊቷን አስነካልኝ። አደራ።»

አደራቸውን ተቀበልኩ። በመጀመሪያው ቀን ገንዳው ያለበት ሕንጻ በር ላይ መኪናውን ፓርክ አድርጌ፣ ከዊልቸሩ ፊት ተንበርክኬ ግንባሯንና የደነዘዘውን እጇን ጠበሉን አስነካኋት። ዓይኗን ጨፈነች። ግራ እጇ ለማማተብ ተነስቶ መንገድ ላይ ቀረ።

የፈራሁት ውሃውን ነበር። የከበደኝ ግን የልብስ መቀየሪያው ክፍል ሆነ። በሽተኛና አስታማሚ አብረው የሚገቡበት፣ በሩ የሚቆለፍ ጠባብ ክፍል ነው። ልጃችን እጅጌው ረጅም የሆነ ጥቁር የዋና ልብስ ገዝታ ልካለች። ባለቤቴን ማልበስ የእኔ ሥራ ነበር። ቤት ውስጥ ገላዋን የምታጥባት ሴት ኢንሹራንሱ ይልክልን ስለነበር እስከዚያ ቀን ድረስ ልብሷን አውልቄላት አላውቅም። ከተለያየን ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት ለብዙ ጊዜ፣ ሰውነቷን አላየሁም። የሹራቧን ቁልፍ ልፈታ እጄን ስዘረጋ በደህናው እጇ ገፋችኝ። በኃይል ነው የገፋችኝ።

«ይቅርታ» አልኳት። «ሌላ ሰው ልጥራ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ውጭ ሰው ሲያልፍ የጫማው ድምፅ እርጥብ ወለል ላይ ይሰማል። ሲቆይ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ትልቁን ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጌ ከፎጣው ሥር በዳበሳ አለበስኳት። ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የማደርገው። እሷም ሁልጊዜ ግድግዳውን ታያለች።

ቴራፒስቷ አጠር ያለች ወጣት አርመን ነበረች፤ ፀጉሯን ጠቅልላ በላስቲክ ኮፍያ ትሸፍናለች። ገና እንዳየችኝ፣ «አንተም ትገባለህ» አለችኝ።

«እኔ ዋና አልችልም።»

«ማንም አይዋኝም። ውሃው ደረትህ ድረስ ነው። እሷን እንዴት እንደምትይዝ መማር አለብህ።»

ባለቤቴን በሚወርድ ወንበር ላይ አስቀምጠው ቀስ ብለው ወደ ውሃው አወረዷት። ውሃው ጉልበቷን፣ ከዚያ ወገቧን ሲነካት ዓይኗ ፈጠጠ። እኔ ከፊቷ ቆሜያለሁ። በግራ እጇ አንገቴን ያዘችኝ። ያዘችኝ ስል አነቀችኝ ማለት ይቀላል። ትንፋሿ ጆሮዬ ላይ ይሰማኛል። ልቧ እንደ ዶሮ ጫጩት ይመታል።

«በእናንተ ቋንቋ እንዲህ፣ በዝግታ ለማለት ምን ትላላችሁ?» አለች ቴራፒስቷ።

«ቀስ።»

«ቀስ» አለቻት፣ እጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ። «ቀስ፣ ቀስ። በጣም ጥሩስ?»

«ጎበዝ።»

«ጎበስ!»

ባለቤቴ አንገቴን ሳትለቅ ዞር ብላ ልጅቷን አየቻት። የፊቷ ግራ ጎን ፈገግ አለ። ከወደቀች ጀምሮ ያየሁት የመጀመሪያ ፈገግታ ነበር። ለእኔ ባይሆንም ደስ አለኝ።

በዚያን ቀን አልተራመደችም። ልጅቷ አንገቷ ሥር ለስላሳ መንሳፈፊያ አድርጋ በጀርባዋ አንጋለለቻትና እኔን እጄን ከትከሻዎቿ ሥር እንዳስገባ አዘዘችኝ። «አትሸከማት፤ ውሃው ይሸከማታል። አንተ እዚያ መኖርህን ብቻ ትወቅ» አለችኝ። ጆሮዎቿ ውሃ ውስጥ ስለገቡ ምንም አትሰማም። መጀመሪያ ሰውነቷ በሙሉ ግትር ነበር። ከዚያ መንጋጋዋ ላላ፣ ትከሻዋ ላላ፤ ተጨብጣ የነበረችው ቀኝ እጇም ቀስ እያለች ተከፈተች። ዓይኗን ጨፍና ተንሳፈፈች። መዳፌ ላይ ያረፈው ክብደት የሕፃን ክብደት ነበር። ይኼን ያህል ጊዜ አቅፌያት ቆሜ ዐውቃለሁ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ከሠርጋችን ወዲያ ማስታወስ አልቻልኩም።

በሳምንት ሁለት ጊዜ መሄድ ጀመርን። ሥራዬን ወደ ከሰዓት አዛወርኩ። ውሃው ደረቷ ድረስ ሲይዛት፣ ደረቅ መሬት ላይ እንጨት የሚሆነው እግሯ ይታዘዝላት ጀመር። መጀመሪያ በቆመችበት ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር፤ ከዚያ ወደ ጎን መራመድ፤ ከዚያ ወደ ፊት። እኔ ከፊቷ ወደ ኋላ እየሄድኩ ሁለት እጇን እይዛለሁ፤ ልጅቷ ከኋላ ወገቧን ትደግፋለች። ባለቤቴ ወደ ታች፣ ወደ ውሃው እያየች ቀኝ እግሯን ታነሳለች። እግሯ በውሃው ውስጥ ቀስ ብሎ ተንሳፍፎ መጥቶ ወለሉን ይነካል። «ጎበስ!» ትላለች ልጅቷ። አንድ ቀን ልጅቷ አንድ እጄን አስለቀቀችኝና ባለቤቴ ሌላውን እጄን ብቻ ይዛ ከዳር እስከ ዳር ተራመደች። ያን ቀን ስትራመድ ለሚያያት ሰው ምንም ያልሆነች፣ በርጋታ የምታስብ ሴት ትመስል ነበር።

መጥፎው ከውሃው መውጣቱ ነው። ስትጠነክር በወንበሩ መውጣት ቀርቶ ገንዳው ዳር ባለው ተዳፋት በእግሯ እንድትወጣ ተደረገ። ውሃው ከደረት ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ጉልበት ሲወርድ የራሷ ክብደት ደረጃ በደረጃ ይመለስባታል። ፊቷ ላይ አየዋለሁ። ወገቧ ጋ ስትደርስ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ጉልበቷ ጋ ስትደርስ እግሯ ይጎተታል፤ ደረቁ ጋ ስትደርስ ዊልቸሩ ላይ ትወድቃለች። ከዚያ ፎጣው፣ ከዚያ ግድግዳው። በመኪና ስንመለስ አታየኝም። የክሎሪኑ ሽታ መኪናውን ሞልቶት፣ ፍሪዌዩ ተጨናንቆ፣ ሁለታችንም ፊት ለፊት እያየን እንሄዳለን። ቤት ስንደርስ ትተኛለች።

ቃል ቀስ እያለ ተመለሰላት። መጀመሪያ «አይ» አለች። «እሺ» ዘግይቶ ነው የመጣው። የልጃችንን ስም ጠራች፤ ልጃችን በስልክ ሰምታ ጮኸች። የእኔን ስም አልጠራችም፤ ስትፈልገኝ በእጇ ጠረጴዛውን ትመታለች። እኔ ስሜ ይከብዳት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ከባድ ስም ግን አይደለም።

አንድ ጠዋት ውሃው ውስጥ ነበርን። ልጅቷ ሌላ በሽተኛ ለማስገባት ወደ ዳር ሄዳ እኛ ብቻችንን እየተራመድን ነው፤ እኔ ወደ ኋላ፣ እሷ ወደ ፊት። ድንገት ቆመች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁና ጠበቅሁ። ቃሉን ከሩቅ የምትጎትተው ይመስል ግንባሯ ተቋጠረ።

«ለምን... መጣህ?»

ወደ ገንዳው ማለቷ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ብዙ ልላት የምችለው ነገር ነበር። ስለምወድሽ ማለት እችል ነበር፤ ውሸትም አይሆንም ነበር። የሃያ ምናምን ዓመት ትዳር፣ የልጄ እናት፣ ሌላም ሌላም። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ደወሉልኝ» አልኳት።

«ደወሉልህ» አለች። ቃሉ ያለ ችግር ነበር የወጣላት። ከዚያ ቀኝ እግሯን አነሳችና መራመዷን ቀጠለች፤ እኔም ወደ ኋላ መሄዴን ቀጠልኩ። እጄን አልለቀቀችም። ብትለቀው እንደምትወድቅ ሁለታችንም እናውቃለን።

ያን ቀን መኪና ውስጥ መልሴን ላስተካክል ብዬ ደጋግሜ አፌን ከፈትኩ። እሷ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች። ሳልናገር ቤት ደረስን።

ከከዘራ ጋር ሳሎኑን ማቋረጥ በጀመረች ሰሞን፣ ቁርስ እየበላች ሳለ ማንኪያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ዓይኗ ወደ አንድ ጎን ሄደ፣ ሰውነቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሬት ላይ አስተኝቼ፣ በጎኗ አዙሬ አምቡላንስ ጠራሁ። ሐኪሞቹ ከስትሮኩ በኋላ አንዳንድ ሰው ላይ የሚመጣ ነው፣ አንጎሏ ላይ የቀረው ጠባሳ ነው የሚያንቀጠቅጣት አሉኝ። መድኃኒት ጀመሩላት። ገንዳው ግን ተከለከለ። ውሃ ውስጥ ቢይዛትስ? ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ መግባት የለባትም ተባለ።

ቴራፒስቷ ራሷ ደወለችልኝ። «በጣም አዝናለሁ። ሕጉ ነው። ሲፈቀድላት ቦታዋን እጠብቅላታለሁ» አለችኝ። ከዚያ፣ «ላናግራት እችላለሁ?» አለች። ስልኩን ባለቤቴ ጆሮ ላይ ያዝኩላት። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ባለቤቴ እያዳመጠች እንባዋ ወረደ። ሲዘጋ ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው።

ፈቃዱ ቶሎ አልመጣም። መድኃኒቱ አፈዘዛት፤ ቀኑን በሙሉ ትተኛለች። እግሯ ተመልሶ ግትር ሆነ። እኔ በስልክ ቪዲዮ አይቼ እቤት ላሠራት ሞከርኩ፤ ወለሉ ላይ ስትቆም ግን ያ የድሮ ፍርሃት ይመለስባታል፤ እኔም እፈራለሁ። «ቀስ» ስላት በንዴት ታየኛለች። ያ ቃል ከእኔ አፍ ሲወጣ ትእዛዝ ይመስላታል መሰለኝ። በመጨረሻ ቢጫው መጋረጃ አጠገብ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ መዋል ጀመረች። ከዘራው ከበሩ ኋላ ቆሞ ቀረ።

ልጃችን ለበዓል መጥታ እንደዚያ ስታያት ደነገጠች። በማግስቱ ሻይ ቀድታ ከሁለታችንም ፊት ተቀመጠች።

«ኦኬ፣ ላናግራችሁ። ሥራዬን ከቤት እንድሠራ ፈቅደውልኛል። እማዬን ወደ እኔ ልወስዳት እፈልጋለሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ አንተም ና። ክፍል አለ። ብቻህን ምን ታደርጋለህ?»

ልቤ ፈቅዶ ነበር። አፌ ላይ የመጣውን እሺታ ዋጥ አድርጌ፣ «እሷን ጠይቂያት» አልኩ። አንድ ጊዜ ሳትጠየቅ ቀርታለች፤ ሁለተኛ እንዲሆን አልፈለግሁም።

«እማዬ፣ አባዬ አብሮን ይምጣ?»

ባለቤቴ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። ልጃችን ቃሉን ልታቀብላት አፏን ስትከፍት እጄን አንስቼ ዝም አሰኘኋት።

«እሱ... እዚህ» አለች ባለቤቴ። ልጃችን ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ሻዩ አየሁ። ባለቤቴ አልጨረሰችም ነበር። ወደ እኔ ዞራ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው እያነሳች፣ «እግዜር... ይስጥልኝ» አለችኝ።

እግዜር ይስጥልኝ ለባል አይባልም። ዕቃ ለተሸከመ ጎረቤት፣ መንገድ ላይ ለደገፈ እንግዳ ነው የሚባለው። ከልቧ እንዳለችው ግን ፊቷ ላይ አየሁ። «አብሮ ይስጠን» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

በበርባንክ ኤርፖርት ሸኘኋቸው። ዊልቸር የሚገፋ ሰው መጥቶ ሲረከበኝ አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ አስተካከልኩላት፤ አልገፋችኝም። ልጃችን ስታቅፈኝ እየተንሰቀሰቀች ነበር። ባለቤቴ ግን አላለቀሰችም። ፍተሻው ጋ ሲደርሱ ዞር ትላለች ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ዊልቸሩ ወደ ኋላ የሚዞር ነገር አይደለም፤ ገፊው ካላዞረው።

አሁንም ቫን ናይስ ነኝ። ቤቱን አልለቀቅሁትም፤ መኝታ ቤቱ ባዶ ቢሆንም የምተኛው ሶፋው ላይ ነው፣ ለመድኩት። እሁድ እሁድ ልጃችን በቪዲዮ ትደውላለች። ባለቤቴ ስክሪኑ ላይ ብቅ ትልና «ደህና ነህ?» ትለኛለች፤ ደህና ነኝ እላለሁ፤ ከዚያ ለልጃችን ትተወዋለች። እዚያ ያለው ሐኪም ገንዳውን ፈቀደላት። በቤት ውስጥ በከዘራ ትሄዳለች፤ ከዚያ በላይ እንደማይሻላት ነግረዋቸዋል።

ባለፈው ልጃችን ከገንዳው ዳር ሆና ደወለችልኝ። ስልኩን ወደ ውሃው አዞረችው። ባለቤቴ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ዓይኗን ጨፍና ተንሳፍፋለች። አንድ የማላውቀው ነጭ ሽማግሌ ቴራፒስት እጁን ከትከሻዋ ሥር አድርጎ ቆሟል። የተከፈተች ቀኝ እጇ ውሃው ላይ ትታያለች።

«እማዬን ልጥራት? አባዬ ነው ልበላት?» አለች ልጃችን።

«ተያት» አልኳት። «ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ነው፣ አትሰማሽም።»

ልጃችን ስልኩን ሳትዘጋ ለትንሽ ጊዜ ያዘችልኝ። ከዚያ ተሳፋሪ መጣብኝና ዘጋሁት።